ጓዙን ማን ተሸከመው? የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ታሪክ



አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ላቅርብ፤ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪክ ተመራማሪ ሰነድ የሚፈልገው በቤተ መዛግብት ብቻ አይደለም። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ሰነድ፣ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ወደ ኬንያ ወይም ወደ ታንዛኒያ ለመሄድ ሲያስብ ከአስጎብኚ ድርጅት የሚደርሰው የጉዞ መርሐ ግብር ነው። ይዘቱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ ከናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን መነሣት፣ የአንድ ሰው ጓዝ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥና ሻንጣውም ለስላሳ እንዲሆን ማሳሰብ፣ ለቤተሰቡ ብቻ የተመደበ መኪና፣ የልጆች የዕድሜ ገደብ፣ አልጋና መታጠቢያ ያለው ድንኳን፣ ሲመሽም በእሳት ዳር መጨዋወት። ይህን ወረቀት ባነበብሁ ቁጥር፣ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር አንድ የቆየ ዘመን ተኝቶ ይታየኛል።

ከቃሉ እንጀምር። «ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ ሥሩም ዐረብኛ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሳፋሪ ሲባል አንበሳ ለማየት መውጣት ማለት አልነበረም። ከባጋሞዮ ተነሥቶ በታቦራ በኩል እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር እስከ ኡጂጂ የሚዘልቅ፣ ጨርቅና ዶቃ ይዞ ሄዶ የዝሆን ጥርስ ይዞ የሚመለስ ቅፍለት ነበር። እኛ የሲራራ ነጋዴን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች ነገሩን ለመረዳት አይቸግረንም። ልዩነቱ ግን አለ። የእኛ ሲራራ በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር፤ በዚያ ግን በብዙው ቦታ የቆላ ዝንብ የጋማ ከብትን ስለሚፈጅ ጫናው በሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። በተለይ የኒያምዌዚ ሕዝብ በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። የአንድ ተሸካሚ ጭነት 30 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የዛሬው መንገደኛ በአውሮፕላን ከሚፈቀድለት ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው።

ከዚያ የባቡር ሐዲድ መጣ። እንግሊዞች ከሞምባሳ በ1896 የጀመሩት ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ። ናይሮቢ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረችም፤ የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ነበረች። አዲስ አበባም ከመኳንንትና ከወታደር ሰፈር እንደ በቀለች ስናስታውስ፣ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ትውልድ ከድንኳን የወጡ እኩዮች መሆናቸውን እናያለን። በ1904 መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ኖርፎክ ሆቴል ተከፈተ፤ በዚያው ዘመን ኒውላንድና ታርልተን የተባለው ድርጅት ለአዳኞች ድንኳኑን፣ ስንቁን፣ ተሸካሚውንና ፈቃዱን በአንድ ላይ ማሰናዳት ጀመረ። የጉዞ መርሐ ግብር የሚባለው ነገር የተወለደው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ዘመን ታላቁ ምሳሌ የቴዎዶር ሩዝቬልት ጉዞ ነው። ሩዝቬልት ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በወረዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1909፣ የ19 ዓመት ልጃቸውን ከርሚትን አስከትለው ወደ ሞምባሳ ተጓዙ። ዓላማው ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ናሙና መሰብሰብ ነበር። ከኋላቸው ከ200 በላይ ተሸካሚዎች ተከተሉ። ከጭነቱ ውስጥ ቆዳ ማድረቂያ የሚሆን 4 ቶን ጨው ነበረ፤ ፕሬዚዳንቱ የሚያነቧቸው፣ በዐሣማ ቆዳ የተለበዱ ስድሳ ያህል መጻሕፍት ነበሩ፤ ከድንኳናቸው ጀርባ ለብቻዋ የምትተከል የመታጠቢያ ድንኳንም ነበረች። አባትና ልጅ በአንድነት 512 እንስሳት ገደሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ጉዞ የቅንጦትም የቤተሰብም ሳፋሪ ነበር። ቅንጦት በኋላ ዘመን በሳፋሪ ላይ የተጨመረ ጌጥ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሙቅ ውሃው ከመጀመሪያውም ነበረ። የተለወጠው፣ ውሃውን የሚሸከመው ሰው ከፎቶግራፉ መውጣቱ ነው።

በ1920ዎቹ መኪና ተሸካሚውን ተካ፤ ካሜራም ቀስ በቀስ ጠመንጃውን። በ1930 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ ከዴኒስ ፊንች ሃተን ጋር ሲወጡ ፊልም ማንሣት ከማደን ይልቅ ይማርካቸው ነበር። ከ1932 ጀምሮ እንግዶች በአበርዴር ደን በዛፍ ላይ በተሠራችው በትሪቶፕስ እያደሩ ዝሆንና አውራሪስ ይመለከቱ ነበር። በየካቲት 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ ሳሉ አባታቸው ዐረፉና ንግሥት ሆኑ፤ በ1954 ደግሞ የማው ማው ተዋጊዎች ሎጁን አቃጠሉት። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ያወራል፤ ስለ ሁለተኛው የሚያወራ አስጎብኚ ግን እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጎብኚው የሚያየው «ያልተነካ ምድር» በአዋጅ የተሠራ ነው። ሴሬንጌቲ በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1959 ማሳዮች ከፓርኩ ወጡ፤ በምትኩ ከብትና የዱር እንስሳት ጎን ለጎን እንዲኖሩበት የንጎሮንጎሮ ጥበቃ ክልል ተከለለላቸው። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2022፣ ከዚሁ ከንጎሮንጎሮ ነዋሪዎችን ወደ ሩቁ ሀንዴኒ ወረዳ ማዛወር ተጀመረ፤ መንግሥት በፈቃደኝነት ነው ይላል፣ ብዙ ነዋሪዎች ግን አይቀበሉትም። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ሲከለል ግጭት ተነሣ፤ ሰዎችም ወደ ኬንያ ሸሹ።

የቤተሰብ ሳፋሪ ደንቦችም ከዚሁ ታሪክ የወጡ ናቸው። ብዙ ካምፖች ትናንሽ ልጆችን የማይቀበሉት አጥር ስለሌላቸው ነው፤ ጎሽና ጉማሬ ማታ በድንኳኖቹ መካከል ያልፋሉ። ወባን የሚፈሩ ወላጆች በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ማዲክዌ ይሄዳሉ። ማዲክዌ ወባ የለበትም፤ ነገር ግን በ1991 የተቋቋመው ቀድሞ የእርሻና የከብት ርቢ በነበረ መሬት ላይ ነው፤ ዙሪያው ታጥሮ ከ8,000 በላይ እንስሳት ከሌላ ስፍራ ተጓጉዘው ገቡበት። ከጥር እስከ መጋቢት በደቡብ ሴሬንጌቲ ዊልደቢስት ሲወልድ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ የማራን ወንዝ ሲሻገር ማየት የሚቻለው ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው መንጋ የሁለት አገሮችን ድንበር ስለማያውቅ ነው። ሰው ግን ያውቃል፤ በ1977 ታንዛኒያ ድንበሯን በኬንያ ላይ በዘጋች ጊዜ የጉብኝቱ መስመር ለዓመታት ተቆርጦ ነበር። ኬንያ አደንን የከለከለችውም በዚያው ዓመት ነው።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በማሳይ ማራ ዙሪያ፣ መሬታቸውን በግል ይዞታ የተካፈሉ ማሳዮች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መሬቱን አቀናጅተው ለካምፖች ያከራያሉ፤ የድንኳኑ ቁጥር ይገደባል፣ ኪራዩም ለባለ መሬቱ ይከፈላል። እኔ ይህን ከቀደመው ሁሉ የተሻለ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ቢያንስ ተከፋዩ ስም አለው። ይሁንና በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ጎብኚ ሲጠፋ ኪራዩም እንደ ተናጋ አይተናል። አንድ መንደር ኑሮውን በሩቅ ሰው ዕረፍት ላይ መሥርቶ ምን ያህል ይዘልቃል?

ጥያቄው የጎረቤት ብቻ አይደለም። የአዋሽ ፓርክ በ1966 ሲቋቋም የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ፤ በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያው ሣሩን አገኘ። ገብስ ያበቅሉ የነበሩት የግጭ ሰዎች በከተማ ምን እንደሚሠሩ፣ ልጆቻቸውም ያንን ተራራ በምን ስም እንደሚጠሩት ለመመዝገብ ከእናንተ መካከል ደባርቅ ለመውረድ ፈቃደኛ የሚሆን ተማሪ ቢኖር፣ ከዚህ ንግግር በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።