ከደጅና ከመደብ፦ የቋንቋ ተማሪውና ያሳደረው ቤት



ቋንቋ ለመማር ከቀዬ ወጥቶ በሰው ቤት ማደር ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ አዲስ ፈሊጥ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። በአገራችን ግን ግእዝንና ቅኔን የተማረው አብዛኛው ሰው የሰው አገር እንጀራ እየበላ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ተማሪው በተጠጋው ቤት የነበረው ቦታ የሚሰማውን ቋንቋ እንዴት ወሰነው?

ከቆሎ ተማሪው ልጀምር። የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ልጅ ቅኔ ሲያምረው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ያቀናም ዋድላን ይመርጣል። ከየኔታ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል። የሚመግበው መንደሩ ነው፤ እርሱ ግን ከደጅ አያልፍም። ከመንደሩ የሚያተርፈው ቃል ቁራሽ የምትሰጠው እናት ምርቃት፣ አለዚያም የልጆች ሹፈት ነው። ግእዙን የሚማረው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ሲታረም ነው፤ እርማቱም ርኅራኄ አያውቅም።

እንግዳው ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የመንዝ ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት አገር፣ የመሸበትን ሰው መመለስ ነውር ነው። «አሳድሩኝ» ላለ መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሆናል። እሳት ዳር ይቀመጣል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደቡ ይለቀቅለታል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና ይደረብለታል። «አንቱ» ይባላል። ቃል ቢስት የሚያርመው የለም፤ እንግዳ አይታፈርማ! የማይስማሙበትን ቢናገርም «እንግዲህ ምን ይታወቃል» ተብሎ ይታለፋል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በመንዝ ገበሬዎች መካከል የተቀመጠው እንዲህ ባለ አገር ነው። በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» አማርኛ ተናጋሪው ነገሩን በድርብ ትርጉም መሸፈን እንደሚወድ፣ ይህም ለማኅበራዊ ኑሮ ቢበጅም ለዘመናዊ አሠራር እንቅፋት እንደሚሆን ያትታል። ስሙን የወሰደው ከቅኔ ቤት፣ ከደጅ ቆሞ ከሚለምነው ተማሪ ትምህርት ነው። ማስረጃው ግን፣ ቢያንስ መንዝን በሚመለከተው ክፍል፣ ከእንግዳ መቀመጫ የተሰማ ነው። መጽሐፉን አላቃልልም፤ ከእርሱ በኋላ የጻፍን ሁሉ ባለዕዳዎች ነን። ሆኖም ሌቪን የባህል ጠባይ ያለው ነገር በከፊል ለእንግዳ የሚሰጥ አክብሮት ነው ባይ ነኝ። ያው ገበሬ በርስት ክርክር ዳኛ ፊት ሲቆም አባት አያቱን በስም እየቆጠረ፣ ድንበሩን በዛፍና በድንጋይ እየለየ ይሟገታል። እዚያ ሰሙም ወርቁም አንድ ነው። የማማን፣ የላሎንና የጌራን የርስት ክርክር የሰማ ተመራማሪ ሌላ መጽሐፍ በጻፈ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታው መስፍን ቤተ መንግሥት ሲሄዱ እንግዳው መምህሩ፣ ባለአገሩ ሂዮብ ሉዶልፍ ደግሞ ተማሪው ነበር። እንግዳ ባለአገሩን ሲያርም ይሉኝታው ይቀንሳል። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ እርማት ፍሬ ነው።

በ1962 የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አማርኛን የጀመሩት ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ነበር። ጓዱ በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ግን ሠልጣኞቹ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከቤተሰብ ጋር እንዲያድሩ ይደረግ ነበር፤ ቤተሰቡም ክፍያ ያገኝ ነበር። ገንዘቡ እንግድነቱን እንዳቀለለው የሚያዝኑ አሉ። እኔ አላዝንም። ተከራይ የመሰለ እንግዳ ወጥ ቤት ይገባል፤ ሽንኩርት ይልጣል፤ የቤቱን እመቤት «አንተ» ብሎ ሲጠራም አባወራው ዝም ያለውን ስሕተት ትንሿ ልጅ እየሳቀች ታርመዋለች።