የ364ቱ ፊርማ

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1981 የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ አንድ ያልተለመደ መግለጫ ይዞ ወጣ። 364 የኢኮኖሚ ምሁራን የማርጋሬት ታቸርን መንግሥት ፖሊሲ ተቃውመው ፈርመዋል። ፊርማውን ያሰባሰቡት የካምብሪጆቹ ፍራንክ ሃንና ሮበርት ኒልድ ነበሩ።

የቁጣው መነሻ በጀቱ ነው። አገሪቱ በኢኮኖሚ ድቀት እየማቀቀች ሳለ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሃው ግብሩን በ4 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ጨመሩ። ምሁራኑ ያስተምሩት የነበረው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። ድቀቱ ይብሳል፣ ኢንዱስትሪው ይሸረሸራል፣ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ መረጋጋትም አደጋ ላይ ይወድቃል ሲሉ አስጠነቀቁ።

ለዜና የሚመቸው ግን ከክርክሩ ይልቅ ቁጥሩ ነው። 364! ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ የሚፈታ ይመስል። እንደሚነገረው፣ የተቃዋሚው መሪ ማይክል ፉት ከእርስዎ ጋር የሚስማሙ ሁለት ምሁራን ይጥሩልን ቢሏቸው፣ ታቸር አለን ዋልተርስንና ፓትሪክ ሚንፎርድን ጠሩ። ሦስተኛ ቢጠየቁ ኖሮ እንጃ!

ምርት በዚያው ዓመት ማንሰራራት ጀመረ። በ1980 ወደ 18 በመቶ ገደማ የነበረው የዋጋ ንረትም በ1983 ከ5 በመቶ በታች ወረደ። የታቸር ወዳጆች ይህን ሲተርኩ አንድ ነገር መዝለል ይወዳሉ፤ የሥራ አጡ ቁጥር በ1982 ከ3 ሚሊዮን አልፎ ለዓመታት አልወረደም። ፋብሪካው ለተዘጋበት ሠራተኛ ምሁራኑ ጨርሶ አልዋሹም።

ከፈራሚዎቹ አንዱ ሜርቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ሆኑ። የተሰጣቸው ዋና ሥራ የዋጋ ንረትን መግታት ነበር።