ድር ሲያብር ማን ይታሰራል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ኅብረትን ለማመስገን ነው፤ ማኅበር ሲመሠረት፣ ሰፈርተኛው መንገድ ሊያሠራ ሲያዋጣ። ግን አንድ ጊዜ ቆም ብለን «ለመሆኑ ድሩ ማነው? አንበሳውስ?» ብለን ብንጠይቅ ምን አለበት? ድሮቹ ሻጮች፣ አንበሳው ደግሞ ገዢ የሆነ እንደሆነስ? አሥር ነጋዴዎች ማታ ተማክረው ጠዋት በአንድ ዋጋ ብቅ ሲሉ ያም እኮ ኅብረት ነው። የሚታሰሩት ግን እኔና እርስዎ ነን።

ምዕራብ አውሮፓ ይህን ጥያቄ በጋራ ሕግ ለመመለስ መጀመሪያ የሞከረችው በድንጋይ ከሰልና በብረት ላይ ነው። እንዴት እንደሆነላት፣ የት ላይም እንዳልሆነላት እናያለን። (ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሩር ይጀምራል። ሩር በምዕራብ ጀርመን የሚገኝ የከሰልና የብረት አገር ነው። በ1893 የአካባቢው የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ኤሰን ከተማ ላይ ተሰብስበው አንድ ሲንዲኬት አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ማንም ለብቻው አይሸጥም፤ የሁሉንም ከሰል የሚሸጠው አንድ ቢሮ ነው። ዋጋው አንድ፣ የእያንዳንዱም ድርሻ አስቀድሞ የተቆረጠ። ይህን ሲያደርጉ መንግሥት ዝም አለ? ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ በ1897 የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው የነጋዴዎች ስምምነት እንደማንኛውም ውል የጸና ነው ብሎ ፈረደ። ከስምምነቱ ያፈነገጠ ነጋዴ ተከሶ ይቀጣል ማለት ነው!

ብረቱም አልቀረም። በመስከረም 1926 የጀርመን፣ የፈረንሳይ፣ የቤልጂየም፣ የሉክሰምበርግና የሳር ብረት አምራቾች የየአገሩን የምርት ድርሻ ተከፋፈሉ። ከድርሻው ያለፈ ለጋራ ሣጥን መቀጫ ይከፍላል። ከስምንት ዓመት በፊት ልጆቻቸው በየምሽጉ ይጨራረሱ የነበሩ ናቸው። ያን ጊዜ ብዙ ሰላም ወዳድ ሰዎች ስምምነቱን አመሰገኑ። በመካከላቸው ግን አንድ ሰው አልተጠራም፤ ብረቱን የሚገዛው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1950 የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበር ሹማን የሁለቱ አገሮች ከሰልና ብረት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ያረቀቁት ዣን ሞኔ ነበሩ። ብዙ ሰው የተጠራጠረው ወዲያው ነው። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን እንኳ መጀመሪያ ሲሰሙት «ይሄ መንግሥታት ራሳቸው የሚያቋቁሙት ካርቴል አይደለም ወይ?» የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበር። ሥጋቱ ቀድሞ የታያቸው ሞኔ በመግለጫው ውስጥ፣ የታሰበው ድርጅት ገበያ ከሚከፋፈል ካርቴል የተለየ መሆኑን አስገብተዋል።

በቃል ብቻ ግን አልቀረም። በጀርመን የአሜሪካ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ጆን ማክሎይ ዘንድ ሮበርት ቦዊ የሚባሉ የሃርቫርድ የሕግ ምሁር ይሠሩ ነበር። ሁለት አንቀጾች አረቀቁ፤ ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ሞሪስ ላግራንዥ በአውሮፓ የሕግ አነጋገር አስተካክለው ጻፏቸው። አንቀጽ 65 ዋጋ መወሰንን፣ ምርት መገደብንና ገበያ መከፋፈልን ከለከለ። አንቀጽ 66 ድርጅቶች ከመዋሐዳቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ አዘዘ። አምራቹ ዋጋውን በይፋ ማሳወቅ አለበት፣ በገዢና በገዢ መካከልም ማዳላት አይችልም የሚል አንቀጽም ተጨመረ። የሩር ባለሀብቶች አጥብቀው ተቃወሙ። ማክሎይ ቻንስለር አደናወርን ገፋፍተው፣ በመጋቢት 1951 የጋራ መሸጫው እንዲፈርስ አስማሙ። ውሉ ሚያዝያ 18 ቀን ፓሪስ ላይ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ስድስት ናቸው፤ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈረንሳይ ለጽድቅ ብቻ አይደለም የተሟገተችው። የሎሬን የብረት ፋብሪካዎቿ የሩርን ከሰል ይፈልጋሉ። ጀርመን ደግሞ ከሰሏን ለውጭ ገዢ ከአገር ውስጡ አስወድዳ ትሸጥ ነበር። ሕግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚወለደው፤ የአንዱ ጥቅም ከሌላው መብት ጋር የገጠመ ዕለት።

ከፍተኛው ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት በነሐሴ 1952 በሞኔ ሰብሳቢነት ሉክሰምበርግ ላይ ሥራ ጀመረ። የከሰሉ የጋራ ገበያ በየካቲት 1953፣ የብረቱ በግንቦት ተከፈተ። ቀላሉ ሥራ ቶሎ ተሠራ። ለምሳሌ የባቡር ኪራይ ርቀቱ ሲጨምር በኪሎ ሜትር እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ ባቡሩ ድንበር ሲደርስ ግን እንደ አዲስ መንገደኛ ከ«አንድ» ተነሥቶ ይቆጠርበት ነበር። ያው ባቡር፣ ያው ከሰል፣ ያው ሐዲድ! ከ1955 ጀምሮ ይህ እንዲቀር ተደረገ።

ባለሥልጣኑ ራሱም ከሕግ በላይ እንዳልሆነ ያወቀው በጊዜ ነው። በጥር 1954 ብረት አምራቾች ካሳወቁት ዋጋ በአማካይ እስከ 2.5 በመቶ ሳያሳውቁ ከፍና ዝቅ እንዲሉ ፈቀደ። ፈረንሳይና ጣሊያን ከሰሱት። የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 21 ቀን 1954 የመጀመሪያ ፍርዱን ሲሰጥ ፈቃዱን ሻረው። ዋጋ በአደባባይ ይነገር ከተባለ ይነገር ነው።

ከባዱ የሩር ጉዳይ ነበር። ያ አንድ መሸጫ ፈረሰ ተባለና ስድስት ሆነ፤ ስድስቱን የሚያስተባብር የጋራ ቢሮ ግን ከላያቸው ተቀመጠ። በ1956 ደግሞ ጋይትሊንግ፣ ፕሬዚደንትና ማውዘጋት የሚባሉ ሦስት መሸጫዎች ተፈቀዱ። ስሙ ሦስት፣ ልቡ አንድ። የባለቤቶቹን ክርክር ግን ዝም ብሎ መናቅ አይገባም። «ትእዛዝ ሲቀንስ አንዱ ጉድጓድ ሙሉ እየሠራ የሌላው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራውን ተካፍለን ሁሉም ይብላ» ነበር የሚሉት። ከመሬት በታች ለሚቆፍር ሰው ይህ የዳቦ ጥያቄ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሹሞች በቀላሉ ያልቆረጡትም ለዚሁ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ትንሹ ነጋዴ አለ። ዳርምሽታት ከተማ ኖልድ የሚባል የከሰል ጅምላ ነጋዴ ነበር። መሸጫዎቹ «በዓመት ይህን ያህል ቶን ያልገዛ በቀጥታ ከእኛ አይወስድም» የሚል ደንብ ሲያወጡና ባለሥልጣኑ ሲያጸድቅ፣ ኖልድ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1959 ፍርድ ቤቱ ባለሥልጣኑ በቂ ምክንያት አልሰጠም ብሎ ውሳኔውን ሻረ። አንድ የከሰል ነጋዴ የስድስት መንግሥታትን መሥሪያ ቤት «ለምን?» ብሎ መልስ አስፈለገው! ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ከሰሰ፤ አሁን የተጠየቀው በዓመት 6,000 ቶን ነበር። በ1974 ተረታ። ፍርዱ ግን የአውሮፓ ሹሞች የሰውን መሠረታዊ መብት የማክበር ግዴታ እንዳለባቸው ስለተናገረ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ከ1958 ጀምሮ ርካሽ ነዳጅ ዘይትና የአሜሪካ ከሰል ሲገቡ የሩር ከሰል በየደጁ ተከመረ። ባለቤቶቹ እንደ ድሮው አንድ መሸጫ ይፈቀድልን አሉ። ባለሥልጣኑ በ1960 ከለከለ፤ ፍርድ ቤቱም በ1962 ክልከላውን አጸና። ሕግ አሸነፈ እንበል? ትንሽ እንቆይ። በ1969 የሩር ኩባንያዎች አብዛኞቹ ማዕድኖቻቸውን ሩርኮህለ ለሚባል አንድ ኩባንያ አስረከቡ። ተዋሕዶ አንድ የሆነ ኩባንያ ደግሞ ከማን ጋር ዶለተ ሊባል ነው? ድሩ ገመድ ሆነ። ውሕደቱም ፈቃድ ተሰጠው።

ብረቱም የራሱን ጉድ አሳየ። በ1980 በደረሰው ቀውስ ካርቴል የሚከለክለው የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ለፋብሪካዎቹ የምርት ኮታ ደለደለ። በ1994 ደግሞ የብረት ምሰሶ አምራቾችን ዋጋ ተማክረዋል ብሎ በጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ኤኩ በላይ ቀጣ። አምራቾቹ ምን አሉ? «እናንተው አይደላችሁም ወይ ያስተማራችሁን?» ኤኩ የዩሮ ታላቅ ወንድም ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነበር? አይመስለኝም። የፓሪሱ ውል 50 ዓመቱን ጨርሶ በሐምሌ 2002 አበቃ። የጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድም በታኅሣሥ 2018 ቦትሮፕ ላይ ተዘጋ። ሐሳቡ ግን በ1957ቱ የሮም ውል ውስጥ ሰፍቶ ገብቷል፤ የውሕደት ቁጥጥሩም በ1989 ለሁሉም ዘርፍ ተዘርግቷል። ስምምነት፣ የገበያ ጉልበትና ውሕደት የሚባሉት ሦስቱ ጉዳዮች በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ውስጥ ይገኛሉ።

ሕጉ የሩርን ኅብረት አላጠፋውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ክርክሩን ከባለቤቶቹ ጓዳ ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። በ1897 ከስምምነት ያፈነገጠ ነጋዴ ነበር ዳኛ ፊት የሚቆመው። በ1959 ግን ምክንያቱን እንዲያስረዳ የተጠየቀው ስምምነቱን የፈቀደው ሹም ሆነ። በእነዚህ 62 ዓመታት መካከል የተለወጠው ይኸው ነው፤ ሁለት የዓለም ጦርነትም ፈጅቷል።

እንግዲህ አዋጅ መጻፉ አያስቸግርም፤ ወረቀት ሞልቷል። ችግሩ ድሩ የብዙ ሰው እንጀራ የሆነ ዕለት ነው። ያን ዕለት «ተዉአቸው፣ ሠራተኛው ይብላበት» የሚለው ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ደግሞም ሐሰት አይደለም። ገዢው ግን የትም ተበትኖ ስለሚኖር ድምፁ አይሰማም። ለእሱ የሚናገርለት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ያንንም መሥሪያ ቤት «ለምን?» የሚል አንድ ዳኛ ያስፈልገዋል። አንዱ ብቻ ቢኖር በቂ እንደማይሆን ኖልድን መጠየቅ ነው።