ከምስል ወደ ትንበያ፦ የልብ ደም ስርጭት ምርመራ ታሪክና ለሲሪንቃ ያለው ትርጉም

የልብ ጡንቻ የደም ስርጭት ምርመራ፣ በደም ሥር የተሰጠ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ ልብ ጡንቻ ምን ያህል እንደ ደረሰ ከሰውነት ውጭ በተተከለ ካሜራ የሚያሳይ ዘዴ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታዘዘው የደም ቅዳ ቧንቧ መጥበብን ለመለየት ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚው በሚመጡት ዓመታት በድንገተኛ የልብ ጥቃት የመያዝ ወይም የመሞት ዕድሉን ለመገመትም ጭምር ነው። ይህ የመተንበይ ችሎታ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ሳይሆን፣ ተመርምረው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችን ለዓመታት እየተከታተሉ የመመዝገብ ትዕግሥት ያፈራው ነው።

የዘዴው መነሻ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወደ 1920ዎቹ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ኸርማን ብሉምጋርት የተባለው ሐኪም በቦስተን ከተማ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በአንድ ክንድ ሰጥቶ ወደ ሌላው ክንድ እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ በመለካት የደም ዝውውርን ፍጥነት አጥንቷል። በ1937 ካርሎ ፔሪየርና ኤሚሊዮ ሴግሬ በጣሊያን ፓሌርሞ ቴክኒሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሃል አንገር ጋማ ካሜራን ሠራ። ታሊየም-201 በ1970ዎቹ አጋማሽ ለልብ ምርመራ ሲውል፣ በ1990 መጨረሻ በአሜሪካ የጸደቀው ሴስታሚቢ የተባለው የቴክኒሺየም ውህድ ምርመራውን ይበልጥ አስፋፋው።

በምርመራው ጊዜ ታማሚው ፍጥነቱና ዳገትነቱ ደረጃ በደረጃ በሚጨምር የመራመጃ መሣሪያ ላይ ይሄዳል፤ ልቡ በብርቱ በሚመታበት ሰዓት ጨረር አመንጪው መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠውና፣ በኋላ ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ ካሜራው በደረቱ ዙሪያ ሲዞር ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። በዕረፍት ጊዜ የተነሣው ምስል ከዚህ ጋር ይነጻጸራል፤ በድካም ጊዜ ብቻ የሚታይ ጉድለት ደም የሚያንሰው ነገር ግን በሕይወት ያለ ጡንቻን ሲያመለክት፣ በሁለቱም የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ነው። የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ በ17 ክፍሎች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስለሚሰጠው፣ ምስሉ ወደ ቁጥር ይለወጣል።

ለዚህ ቁጥር የወደፊቱን የመናገር አቅም የሰጡት የክትትል ጥናቶች ናቸው። በ1980ዎቹ የታተሙ ጥናቶች የጉድለቱ ስፋትና ጥልቀት ከኋለኛው የልብ አደጋ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ፤ ከ12,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተቱ ጥናቶችን አሰባስቦ በ1998 የታተመ ትንተና ደግሞ ምስላቸው ጤናማ በሆኑት ላይ ሞት ወይም የልብ ጥቃት በዓመት 0.6 ከመቶ፣ ጉድለት በታየባቸው ላይ ግን 7.4 ከመቶ መሆኑን አመለከተ። ይሁን እንጂ አደጋን ማወቅና መፍትሔውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው፤ በ2020 የታተመው፣ 5,179 ታማሚዎችን ያቀፈው ኢስኬሚያ የተሰኘ ጥናት፣ ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎችን ፈጥኖ ወደ ቧንቧ ጥገና መውሰድ በመድኃኒት ከመጀመር ይልቅ ሞትንም ሆነ የልብ ጥቃትን በአጠቃላይ እንደማይቀንስ አሳይቷል።

በሐብሩ ወረዳ ለምትገኘው ሲሪንቃ ይህ ታሪክ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ርቀት ነው፦ ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል፤ የሚወጣበት ሞሊብዲነም ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣና በየቀኑ ከኃይሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሚያጣ በመሆኑ፣ ጠዋት አዲስ አበባ የተዘጋጀ መድኃኒት በደሴ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲሪንቃ ቢደርስ ከግማሽ በታች ሆኖ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ታማሚው ሳይሆን ታማሚው ወደ መድኃኒቱ ይጓዛል። ከዚህም በላይ በአገሪቱ ወጣቶችን ለረጅም ዘመን የጎዳው የልብ በሮች ሕመም፣ ማለትም ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚከተለው የሩማቲክ ሕመም፣ በዚህ ምርመራ የሚለይ አይደለም።

ሁለተኛው ገጽታ ግን ከርቀት ነጻ ነው። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ከመድረሱ በፊት በተለያዩ ወቅቶችና ቦታዎች ተፈትኖ ውጤቱ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ ትንበያ በጤናም የሚቆመው በዚሁ ዓይነት ምዝገባ ላይ ነው። በኢትዮጵያም በ1980ዎቹ የተጀመረው የቡታጅራ የጤና ፕሮግራም የገጠር ቤተሰቦችን ልደትና ሞት በዓመታት ተከታትሎ በመመዝገብ ይህ እንደሚቻል አስመስክሯል። ለሲሪንቃ ቅርብ በሆኑት በመርሳና በወልድያ ከተሞች የደም ግፊትና የስኳር ታማሚዎችን ልኬት ሳያቋርጥ የሚይዝ መዝገብ፣ ጋማ ካሜራ ባይኖርም፣ ማን ቀድሞ ሊረዳ እንደሚገባ ለመለየት ያስችላል፤ ነገ ካሜራው ቢመጣም የሚያሳየውን ምስል የሚያስተረጉመው ይኸው መዝገብ ነው።