በለንደንና በፓሪስ መካከል ያለው ሰዓት

በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ከለንደን እስከ ፓሪስ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬ አየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ይህን ርቀት በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያስጉዛል። ቁጥሩ አጭር ነው፤ የሸፈነው ታሪክ ግን ረጅም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዲክንስ «የሁለት ከተሞች ወግ» በተሰኘው ልብ ወለዱ መንገደኞቹን በ1775 በፖስታ ሠረገላ ወደ ዶቨር ይልካቸዋል። ዳገቱ ለፈረሶቹ ስለከበዳቸው፣ ከፍለው የተሳፈሩት ሰዎች ወርደው ጭቃ እያቦኩ በእግራቸው ይወጣሉ። ገና ባሕር ይቀራቸዋል፤ ከባሕሩ ማዶም የፈረንሳይ ጎዳና አለ። ይኸው ደራሲ ልብ ወለዱን ከማሳተሙ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1851፣ በባቡርና በመርከብ ከለንደን ፓሪስ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚደረስበት ጉዞ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ርእሱን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «በረራ»! ሰው አሳፍሮ የሚመላለስ አውሮፕላን ባልነበረበት ዘመን፣ አሥራ አንድ ሰዓት እንደ መብረር ተቆጠረ።

እውነተኛው በረራ ኦገስት 25 ቀን 1919 መጣ። ከዛሬው ሂትሮው አጠገብ ካለው ከሃንስሎው ሄዝ ሜዳ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ተነሥታ ወደ ለ ቡርዤ አመራች። የጫነችው አንድ ጋዜጠኛ፣ ጥቂት ጋዜጦች፣ ቆዳ፣ የወተት ክሬምና የታደኑ የዱር ወፎች ነበር። አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በረረ። በየዕለቱ የሚደረገው የሁለቱ ከተሞች የአየር ጉዞ በዚህ ተጀመረ።

የዚያ ዘመን አብራሪ መንገዱን የሚያገኘው ወደ ታች እያየ ነበር። የባቡር ሐዲድና የመኪና ጎዳና እየተከተለ ይበራል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ጎዳናው እንዳይጠፋው እሱም ዝቅ ይላል። ኤፕሪል 7 ቀን 1922 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በፒካርዲ ምድር፣ አንዱ ከለንደን ሌላው ከፓሪስ የተነሡ ሁለት አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ አንዱን ጎዳና ተከትለው ፊት ለፊት ተላተሙ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ያ ሁሉ ሰማይ እያለ ሁለቱ በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ መገናኘታቸው ያሳዝናል። ከአደጋው በኋላ የአየር መንገዶቹ ተወካዮችና አብራሪዎች በክሮይደን ተሰብስበው፣ አየሩ ሲከፋ ሁሉም ቀኙን ይዞ እንዲበር፣ አውሮፕላኖቹም ሬዲዮ እንዲኖራቸው ተስማሙ። የምድር ጎዳና ሕግ ወደ ሰማይ ወጣ ማለት ነው።

ጄት ሲመጣ በአየር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ወደ አንድ ሰዓትና ከዚያም በታች ወረደ። ዳሩ ግን ሂትሮውም ሆነ ሻርል ደ ጎል ከየከተማቸው መሐል ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ወደዚያ መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ተራ ጥበቃው በጊዜ ሰሌዳው አይጻፍም። መንገደኛ ግን ይህንንም ይቆጥራል።

በ1994 ባቡር ከባሕሩ በታች ተሻግሮ ሁለቱን ከተሞች ከመሐል ወደ መሐል በሦስት ሰዓት አገናኘ። የእንግሊዙ ፈጣን ሐዲድ በ2007 ሲጠናቀቅ ጉዞው ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ አጠረ። በምድር የሚሄደው ባቡር ያን ጋዜጠኛ ከጫነችው የ1919ኟ አውሮፕላን ቀደመ።