የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የኤሌክትሪክ ጊታርና ባለቤቱ በሀገራችን ታሪክ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር እንጽፋለን ብለን በተነሣን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሣቁብን። «ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት እንጂ የጊታር ነው ወይ?» አሉን። የታሪክ መምህራችን ግን «ሰው በእጁ የያዘው ዕቃ ሁሉ ታሪክ አለው፤ ከየት እንደ መጣና የማን እንደ ነበረ ጠይቁ» ብለው ስለ አበረታቱን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ደፈርን። ዘመኑን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ሀገር ነገር ሲሆን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን እንገልጻለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እኛ በፉሪ የምንኖር አራት ተማሪዎች ባለፈው ክረምት ሠርተን ያጠራቀምነውን ገንዘብ አዋጥተን ከመርካቶ አንድ ያገለገለ የጀማሪ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛን። ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ከስድስቱ ክሮችም አንዱ የለም። በታክሲ ተሸክመን ወደ ፉሪ ስናመጣው ግን ከእኛ የሚበልጥ ሀብታም በከተማው ያለ አልመሰለንም። እቤት ስንደርስ የአንዳችን እናት «በዚህ ገንዘብ መጽሐፍ አይገዛም ነበር?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን በታሪክ ውስጥ ለመፈለግ ተነሣን። ስንፈልግም ያገኘነው ዋና ነገር ይህ ነው፤ በሀገራችን የጊታር ችሎታ ከመታየቱ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ የነበረው ችግር የችሎታ ሳይሆን የባለቤትነት ችግር ነበር።

አባቶቻችን የሚጫወቱበት መሣሪያ የራሳቸው ነበረ። ክራር የሚሠራው ከእንጨት ገበቴ፣ ከቆዳ፣ ከሁለት ቋሚ እንጨቶችና በላያቸው ከሚጋደም አንድ እንጨት ሲሆን ክሮቹም በጥንት ጊዜ ከጅማት ይሠሩ ነበር። ይህ ሁሉ በገጠር ቤት የማይታጣ ነገር ነው። አዝማሪውም ቢሆን በየሄደበት ሰው ንቆ ቢያየውም ማሲንቆው የራሱ ነበረች። ስለዚህ ክራር መማር የፈለገ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ሌሊቱን ሙሉ ሊለማመድ ይችላል ማለት ነው።

ዘመናዊው የሙዚቃ መሣሪያ የገባው ግን በሌላ በር ነው። በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን ላከ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ያዩአቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። እነዚህም «አርባ ልጆች» ተብለው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ፤ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱ የሙዚቃ ክፍል ነበረው። በዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ።

እነዚህ ተቋማት ለሀገራችን ሙዚቃ ያደረጉት አገልግሎት እጅግ ትልቅ ነው። ጥላሁን ገሠሠ የታወቀው በክብር ዘበኛ መድረክ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት፣ ተጫዋቹም ደመወዝተኛ ነበረ። ጊታር የተማረ ወታደር ከጦሩ ቢሰናበት ችሎታውን ይዞ ይወጣል እንጂ ጊታሩን ይዞ አይወጣም።

እስቲ አሁን ወደ ውጭ ሀገር ሻገር ብለን ኤሌክትሪክ ጊታር ራሱ እንዴት እንደ ተፈጠረ እንመልከት። በፊዚክስ ክፍላችን እንደ ተማርነው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ማግኔትና ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። የኤሌክትሪክ ጊታር ምሥጢር ይኸው ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ በዙሪያውም ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህንንም የድምፅ ማጉያው አጐልቶ ያሰማናል። ክሩ ብረት መሆን ያለበት ስለዚህ ነው፤ የናይለን ክር ቢታሰርበት ማግኔቱ አይሰማውም።

በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች አንዱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የወጣው የሪከንባከር ጊታር ነው፤ ቅርጹም ክብ ሆኖ እጀታው ረዥም ስለ ነበረ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶታል። ከዚያም ሊዮ ፌንደር የተባለ፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችል የራዲዮ ጠጋኝ፣ በ1950 ውስጡ ክፍት ያልሆነ ከወፍራም ጣውላ የተቈረጠ ጊታር በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ ሲበላሽ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። እንደ ውድ ቫዮሊን በአንድ ጠቢብ እጅ ለወራት የሚሠራ ሳይሆን እንደ ወንበርና እንደ ራዲዮ የሚመረት ዕቃ ሆነ። ዋጋውም እንዲወርድ መንገድ የከፈተው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ጊታር ለማውጣት ተሽቀዳደሙ። በአሜሪካ የዳንኤሌክትሮ ፋብሪካ ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ጊታር እየሠራ ሲርስ ለተባለው ትልቅ መደብር ያቀርብ ነበር፤ ከ1960ዎቹም ጀምሮ የድምፅ ማጉያው በጊታሩ ሣጥን ውስጥ የተገጠመበት ተሸጧል። በጃፓንም ቴይስኮና ጉያቶን የተባሉት ብዙ ርካሽ ጊታሮችን ወደ ውጭ ላኩ። በዓለም ስመ ጥር የሆነው ጂሚ ሄንድሪክስ አባቱ በ1959 የገዙለት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ሱፕሮ የሚባል ዋጋው አነስተኛ ጊታር ነበረ። ልጁ ታላቅ የሆነው ጊታሩ ውድ ስለ ነበረ አይደለም፤ ጊታሩ የራሱ ሆኖ ቀንና ሌሊት ከእጁ ስላልወጣ ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ1950ዎቹ የከተማው ወጣት ልብ ወደ ጊታር እንዲሳብ ያደረጉ ብዙ ምክንያቶች ነበሩ። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በራዲዮ የውጭ ሀገር ዘፈን ያሰማ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ በድፍረት የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ በእርሱም የአለማየሁ እሸቴና የሌሎች ብዙ ድምፃውያን ዘፈኖች ከጊታር ጋር በየቤቱ ገቡ። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማረውን ይዞ የሀገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሐደ።

በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡም ከመንግሥት ክፍሎች ውጭ የሆኑ ባንዶች ተፈጠሩ። ነገር ግን ጌታው ተለወጠ እንጂ የባለቤትነቱ ነገር አልተለወጠም። ጊታሩ፣ ከበሮውና የድምፅ ማጉያው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበረ። ተጫዋቹ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ በማግስቱ ባዶ እጁን ነው። ከዚህ ቀንበር ለመውጣት ከጣሩት ቀደምት ባንዶች አንዱ ኃይሉ መርጊያ የነበረበት የዋልያስ ባንድ ነው። የዋልያስ ልጆች የራሳቸውን መሣሪያ በመያዝ በማንኛውም ቦታ ተዋውለው መጫወት ቻሉ፤ በሂልተን ሆቴልም ለብዙ ጊዜ ተጫወቱ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱም ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። ሙዚቃው ግን አልሞተም። የአይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው በዚያው በአብዮቱ መጀመሪያ ነው። የዚህ ባንድ ልጆች በኋላ የሮሃ ባንድን መሠረቱ፤ የጊታር ተጫዋቹም ሰላም ሥዩም ነው። ወላጆቻችን ይህን ልብ ብለው እንዲያነቡልን እንለምናለን፤ ሰላም ሥዩም ጊታሩን ሳይጥል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥ ላይ ጽፏል። ስለዚህ ጊታርና መጽሐፍ ጠላቶች ናቸው ማለት አይቻልም።

የዋልያስ ባንድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባሎቹ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሹፌር ሆነ። እርሱ የሚጫወተው ኪቦርድ እንጂ ጊታር ባይሆንም ታሪኩን ሳንጠቅሰው ማለፍ አልቻልንም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላም የቀድሞ ሥራዎቹ እንደ ገና ታትመው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። መድረኩ፣ ክበቡና ባንዱ ሁሉ ሲቀሩ ከእርሱ ጋር የቀረው የራሱ የሆነው መሣሪያ ብቻ ነበረ።

በሀገር ውስጥ ደግሞ ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰውን ሥራ መሥራት ስለ ቻለ የጊታር ተጫዋች ቦታ ጠበበ። ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የተነሣው የጃኖ ባንድ ጊታሩን እንደ ገና ከፊት አውጥቶታል። ክራሩም ቢሆን የብረት ክርና የድምፅ መቀበያ ተገጥሞለት ኤሌክትሪክ ክራር ሆኗል።

ዛሬ የጀማሪ ጊታር የሚመረተው በብዛት በቻይናና በኢንዶኔዥያ ሲሆን ወደ እኛ የሚመጣውም እንደ ሌላው ዕቃ በጅቡቲ በኩል ነው። ቀድሞ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ማረፊያው ለገሃር ነበረ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ ግን እዚሁ ፉሪ ለቡ ነው። ርቆ የነበረው ዓለም ወደ መንደራችን መጥቷል።

ጊታር ለመግዛት ለሚያስቡ ጓደኞቻችን ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ እንንገር። ከቀለሙ በፊት አንገቱ አለመጣመሙን እዩ፤ መቃኛዎቹ አጥብቀው መያዛቸውንም ፈትኑ። ቀጭን ክር፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ክር 0.009 ኢንች የሆነው፣ ለጀማሪ ጣት ይራራል። የድምፅ ማጉያው በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለአሜሪካ በ110 ቮልት የተሠራውን በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ካለው ጐረቤት አይጣላችሁም። መብራት ሲጠፋም፣ በፉሪ ደግሞ ይጠፋል፣ ያለ ማጉያው ተለማመዱ፤ ድምፁ ቢያንስም ጣት ይማራል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። በሠፈራችን ክራር የሚደረድሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጊታራችንን ይዘን በሄድን ጊዜ «አባባ፣ ትዝታን በዚህ ላይ እንዴት እናገኛለን?» ብለን ጠየቅናቸው። ክራራቸውን አንሥተው ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ እየመቱ የማይፈለገውን በግራ ጣታቸው እያፈኑ አምስቱን ድምፆች አሰሙን። እኛም እየሰማን በጊታሩ አንገት ላይ አንድ በአንድ ፈለግናቸው። አመሻሹ ላይ አገኘናቸው። እሳቸውም «ለመሆኑ ዕቃው የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። «የአራታችን ነው» አልናቸው። «እንግዲያስ ነገም ይዛችሁት ትመጣላችሁ» አሉን። ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ እንሄዳለን።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት ጊታሩ ለአራታችን ጌጥ ሆኗል። ሕጋችንም ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ሳምንት ይወስደዋል፤ ክር የበጠሰ ክር ይገዛል። ስለዚህ በዚህ በዓል ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን አንድ ልመና እናቀርባለን። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ መሣሪያዎች እንዳይሰበሩ ተብሎ በቁም ሣጥን ተቆልፈው ይኖራሉ። በመዝገብ ተጽፈው፣ ወላጅ ፈርሞ፣ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ እቤቱ ወስዶ እንዲለማመድባቸው ቢፈቀድ ምን ይመስላችኋል? ጥቂት ክር ይበጠስ ይሆናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል በመድረኩ ላይ የሚጫወቱት ከሌላ የመጡ እንግዶች ሳይሆኑ የፉሪ ልጆች ይሆናሉ።