ክላንች፦ የለስላሳ ድንጋይ ስም

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በካምብሪጅና በቤድፎርድሺር አካባቢ፣ ጠራቢዎች ከጠመኔ ወገን ለሆነ ነገር ግን ጠንከር ላለ ግራጫማ ድንጋይ ክላንች የሚል ስም አላቸው። የቋንቋ አጥኚዎች ቃሉን ጓል የሚል ትርጉም ካላቸው የሆላንድና የሰሜን ጀርመን ቃላት ጋር ያዛምዱታል። እንግሊዞች ድሮ ደንዳናና ዘገምተኛ ሰውንም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። በስታፎርድሺር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ዘንድ ደግሞ ክላንች ማለት በከሰሉ ንብርብር ሥር ያለው ድርቅ ያለ ሸክላ አፈር ነው። ሰውም፣ አፈርም፣ ድንጋይም በአንድ ቃል የተጠሩት፣ ስሙን ያወጣው ጓሉን በእጁ ያነሣ ሠራተኛ ስለሆነ ይመስለኛል። ለጠመኔ የተሰጠው ቾክ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን ከሮማውያን ካልክስ፣ ማለትም ከኖራ፣ የመጣ እንግዳ ነው።

ድንጋዩ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ የደቃቅ የባሕር ዋቅላሚዎች ቅርፊት በባሕር ወለል ተከማችቶ የጠጠረ ነው። በመካከለኛው ዘመን የቶተርንሆ መንደር ሰዎች ከመሬት በታች ዋሻ እየፈለፈሉ አወጡት፤ ለዌስትሚንስተር አቢና ለዊንድዘር ግንብም ተጓጓዘ።

የክላንችን ጸጋ ማየት የሚሻ ግን ኢሊ ካቴድራል ይሂድ። በዚያ ያለው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1321 ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የካቴድራሉ መካከለኛ ግንብ ተደርምሶ ሥራው ተጓተተ፤ ያለቀው በ1349 አካባቢ፣ የቸነፈር ወረርሽኝ አገሩን ሲያረግፍ ነበር። በግድግዳው ዙሪያ የማርያም ሕይወትና ተአምራት በክላንች ተቀርጸውበታል። ቅጠሉ፣ የልብሱ እጥፋት፣ የጣቱ ቅጥነት እንዲያ ሊወጣ የቻለው ድንጋዩ ለቢላ ስለሚታዘዝ ነው። ለመዶሻም ታዘዘ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ጊዜ፣ ምስል አፍራሾች የቅርጾቹን ራስ አንድ በአንድ መቱት። ዛሬ ራስ አልባ ቅዱሳን ቆመዋል፤ እዚህም እዚያም የጥንቱ ቀለም ይታያል። በእንግሊዝ ከጠፋው ጥበብ ሁሉ ይበልጥ ይህ ያሳዝነኛል።

ከቤት ውጭ የክላንች ጠላቱ እርጥበትና ውርጭ ናቸው። ድንጋዩ ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃው በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ የድንጋዩ ገጽ ይላጣል። ስለዚህ ገበሬው ድሮ ጎጆውን ከክላንች ሲሠራ መሠረቱን በባልጩት ወይም በጡብ ያነሣ፣ የጣሪያውን ክፈፍም ያስረዝም ነበር። በኖራ ልስን ሲሸፈን ግድግዳው ይተነፍሳል። የኋላ ጠጋኞች ስሚንቶ ሲለስኑበት እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን በላው፤ ጥንታዊ ግድግዳ የሚጠግን ሰው ስሚንቶውን ትቶ ኖራውን ያንሣ።